ያማሩ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች፦ ከፍቺው ጋር ምን እንያዝ?

አንድ የሥራ ባልደረባችሁ ጠዋት ላይ «አይ አም ፊሊንግ አንደር ዘ ዌዘር» ብሎ ጻፈላችሁ እንበል። ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቋቸዋላችሁ። «አንደር» ከሥር ነው። «ዌዘር» የአየር ጠባይ ነው። ሰውየው ግን ስለ ዝናብም ስለ ፀሐይም አላወራም። «ዛሬ ትንሽ አሞኛል» ነው የሚላችሁ።

ፈሊጥ የሚባለው ይሄ ነው። ቃላቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለየብቻቸው የሌላቸውን ትርጉም ያመጣሉ። እኛም ቀኑን ሙሉ እንጠቀምበታለን። «እጅ አጠረኝ» ያለን ሰው ክንዱን አንለካለትም፤ ገንዘብ እንደቸገረው ይገባናል። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» ሲባልም ጨው የነካው ዓይን የለም። አማርኛ ለሚማር እንግዳ እነዚህ እንቆቅልሽ ናቸው። ለእኛ ደግሞ የእንግሊዝኛዎቹ።

በየሶሻል ሚዲያው የፈሊጥ ዝርዝር ሞልቷል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ለመረዳት ይጠቅማል፤ ለመናገር ግን አይበቃም ብዬ አምናለሁ። አንድን ፈሊጥ ማን ለማን እንደሚለው፣ የት እንደማይባል፣ ቅርጹ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ያለዚያ በደግ ልብ የተናገርነው ሰው ያስቀይማል።

«ኪክ ዘ በኬት»ን እንውሰድ። ቃል በቃል «ባልዲውን በእርግጫ መታ» እንደማለት ነው፤ ፍቺው «ሞተ» ነው። ፍራንሲስ ግሮዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1785 ባሳተመው የመንደር ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ በዚሁ ትርጉም ገብቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዝርዝሩ «ሞተ» ብሎ ያልፋል። አሁን እናቱ የሞተችበት ባልደረባ አለ እንበል። «እናትህ ኪክድ ዘ በኬት እንዳሉ ሰምቼ አዘንኩ» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚጽፍለት ሰው፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «እናትህ ክልትው አሉ አሉ» እንዳለ ይቆጠራል። ለሐዘን «ፓስድ አዌይ» አለ። የእኛ «አረፉ» ነው። ባልዲው የሚመጣው ቀልድ በሚቻልበት ቦታ ብቻ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲቀልድ ወይም ያረጀ ፍሪጁ ሥራ ሲያቆም ይለዋል። ፍቺው አንድ ሆኖ ክብሩ የተለያየ ነው። ክብሩን ደግሞ ዝርዝሩ አይነግራችሁም።

የቅርጹም ነገር እንደዚሁ ነው። «ስፒል ዘ ቢንስ» ማለት ምስጢር ማውጣት ነው፤ ቃል በቃል «ባቄላውን ደፋ»። ዓረፍተ ነገሩን ገልብጣችሁ «ዘ ቢንስ ወር ስፒልድ» ብትሉ ማንም ይረዳችኋል። ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። «ዘ በኬት ወዝ ኪክድ» ብትሉ ግን ፈሊጡ ድራሹ ይጠፋል። የሚሰማችሁ ሰው እውነተኛ ባልዲ ነው የሚታየው።

ለምን ተለያዩ? ጂኦፍሪ ነንበርግ፣ አይቫን ሳግ እና ቶማስ ዋሶው የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት በ1994 ጥሩ አድርገው አስረድተውታል። በመጀመሪያው ፈሊጥ ባቄላው የምስጢሩን ቦታ ይዟል፣ መድፋቱ ደግሞ የማውጣቱን። እያንዳንዱ ቃል ከትርጉሙ ድርሻ ስላለው ቦታ ቢቀይርም ይገባል። በሁለተኛው ግን ባልዲው ምንንም አይወክልም። «ሞተ» የሚለውን ትርጉም የያዘው ሐረጉ በሙሉ ነው። ስለዚህ አይነካካም።

ይህ ረቂቅ ከመሰላችሁ ወደ አማርኛ ዞር በሉ። «እግሬ አውጪኝ አለ» እንላለን፤ ሮጦ አመለጠ ለማለት። የሮጡት ብዙ ቢሆኑስ? «እግሬ አውጪኝ አሉ» ነው እንጂ «እግራችን አውጪን አሉ» የሚል የለም። «እግሬ» የምትለዋ ንቅንቅ አትልም። ይህንን ማንም አላስተማረንም፤ በጆሯችን ገብቶ ነው የምናውቀው። የእንግሊዝኛውንም በጆሮ የሚያስገባው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ መስማት ነው። «ዩ አር ፑሊንግ ማይ ሌግ» ሲል «እየቀለድክብኝ ነው» ማለቱ ነው፤ እግሩም ሁሌ አንድ እግር ነው። «ሌግስ» ካላችሁ ሰውየውን ከአልጋ እየጎተታችሁት ነው የሚመስለው።

አሁን ወደሚጣፍጠው እንሂድ። ፈሊጦቹ ከየት መጡ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ቀድመን ተዘጋጅተናል። ትልቁ ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ ነውና። ዊልያም ቲንደል አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1526 አሳተመ። በ1536 በዚሁ ሥራው የተነሳ በመናፍቅነት ተፈርዶበት ተገደለ። ከእሱ ትርጉም ብዙው በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን ወደ ወጣው መጽሐፍ ቅዱስ ገባ። ያ መጽሐፍ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ ለዘመናት ሲነበብ ኖረ። ቃሉም ከስብከት ወጥቶ ገበያ ገባ።

«ዘ ራይቲንግ ኢዝ ኦን ዘ ዎል» የሚለውን ተመልከቱ። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አለ። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5ን ያነበበ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ንጉሥ ብልጣሶር ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በተዘረፈው ዕቃ ወይን እየጠጣ ሲጋብዝ፣ የሰው እጅ ጣቶች ወጥተው በግድግዳው ላይ «ማኔ ቴቄል ፋሬስ» ብለው ጻፉ። መንግሥቱ አበቃ። በዚያች ሌሊት ተገደለ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ይህን የሚለው ሰው ሃይማኖተኛ መሆን አይጠበቅበትም። አንድ ድርጅት ደመወዝ ማዘግየት ጀመረ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ ዘጋ፣ ከዚያ አለቆቹ አንድ በአንድ ለቀቁ። ሠራተኛው «ዘ ራይቲንግ ወዝ ኦን ዘ ዎል» ይላል። ማለቁ አስቀድሞ ይታይ ነበር ማለቱ ነው። ልብ በሉ፣ ሁልጊዜ ለክፉ ነገር ነው። ልጃችሁ ጎበዝ ስለሆነች ዩኒቨርሲቲ እንደምትገባ ያስታውቃል ለማለት ይህን ብትጠቀሙ ሰሚው ምን ደረሰባት ብሎ ይደነግጣል።

«ዚ አፕል ኦፍ ማይ አይ» ደግሞ ከሁሉም ያምረኛል። አያት ስለ ልጅ ልጃቸው ይሉታል። «የዓይኔ ፖም» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ግን በተሻለ ያውቀዋል። «እንደ ዓይን ብሌን ጠብቀኝ» የሚለው መዝሙር በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «አፕል» ሆኖ ነው የተጻፈው። በድሮ እንግሊዝኛ የዓይንን ብሌን በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ንጉሥ አልፍሬድም በትርጉም ሥራው ላይ እንዲህ ጠርቶታል። ስለዚህ «የዓይኔ ብሌን» ስንል የምንናገረው ራሱን ፈሊጡን ነው። ምንም ማጥናት አያስፈልግም።

ሁሉም እንዲህ ልክክ አይልም። «ኤ ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» የመጣው ከትንቢተ ኢሳይያስ 40፥15 ነው፤ አሕዛብ በገንቦ እንዳለች ጠብታ ናቸው ከሚለው። በቀላሉ «ዓባይን በጭልፋ» ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ግን ትንሽ ይለያያል። እኛ «ዓባይን በጭልፋ» የምንለው ከብዙ ነገር ጥቂቱን ስንናገር ነው። እንግሊዝኛው የሚባለው ከሚያስፈልገው አንጻር የተሰጠው ሲያንስ ነው። ሚሊዮን ለሚፈልግ ሆስፒታል አሥር ሺህ ሲዋጣ «ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» ነው። አዋጪው ፊት ከሆነ ባይባል ይሻላል፤ ስጦታውን ያሳንሳል።

ከገጣሚዎችም የመጡ አሉ። «ኤቭሪ ክላውድ ሃዝ ኤ ሲልቨር ላይኒንግ» መነሻው ጆን ሚልተን በ1634 ለመድረክ የጻፈው ግጥም ነው። ሌሊት ጫካ ውስጥ መንገድ የጠፋባት ሴት ቀና ብላ ስታይ፣ ጥቁሩ ደመና የብር ገበሩን ገልብጦ ያሳያታል። «ላይኒንግ» የልብስ ገበር ነው። ከውጭ የጠቆረው ካፖርት ከውስጥ ብር ነው። እኛ ደግሞ «ሳይደግስ አይጣላም» እንላለን። የእነሱ ደመና፣ የእኛ ድግስ። ዛሬ ሰዎች ሙሉውን አይሉትም። «ዘ ሲልቨር ላይኒንግ ኢዝ...» ብለው ይጀምራሉ። ሥራዬ ቢጠፋም ከልጆቼ ጋር መዋል ቻልኩ ለማለት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፣ ይህን ባለጉዳዩ ራሱ ቢለው ነው የሚያምረው። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሌላው ሲለው ያማል።

«ዌር ዩር ሃርት ኦን ዩር ስሊቭ» ማለት ልብን እጅጌ ላይ መልበስ ነው፤ ስሜትን ሳይደብቁ ማሳየት። ሼክስፒር በኦቴሎ ተውኔት ውስጥ ለተንኮለኛው ያጎ የሰጠው ንግግር ነው። ያጎ «የልቤን በፊቴ ካሳየሁ፣ ልቤን እጅጌዬ ላይ ሰክቼ ወፍ እንዲጠቀጥቀው እንደመስጠት ነው» ይላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ ስለመለሰው ያጎን የሚያውቁት ብዙ ናቸው። እኛ «ሆድ ይፍጀው» እያልን ላደግን ሰዎች ፈሊጡ ተቃራኒያችን ነው። ደግሞ ሙገሳ ብቻ አይደለም። እንደ ድምፁ «ግልጽ ሰው ነው»ም፣ «ሁሉ ነገሩ ፊቱ ላይ ነው፣ በቀላሉ ይጎዳል»ም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ የደሴት አገር ናት። ከመርከብ ሥራም ብዙ ፈሊጥ ወርሳለች። «ሾው ሂም ዘ ሮፕስ» አዲስ ሠራተኛን ሥራ አለማምደው ማለት ነው። በሸራ መርከብ ላይ ገመዱ ብዙ ነው፤ የቱ ገመድ የቱን ሸራ እንደሚስብ ያላወቀ መርከበኛ አደጋ ነው። «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ደግሞ በጣም ሰክሯል ማለት ነው። «ሺት» ሲባል አንሶላ ወይም ሸራ የሚመስለው ብዙ ነው፣ እንግሊዞቹንም ጨምሮ። እዚህ ግን የሸራውን ጥግ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ነው። ሦስቱ ከተፈቱ ሸራው ይርገበገባል፣ መርከቡም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

አሜሪካ ስትገቡ ባሕሩ ቀርቶ ቤዝቦል ይመጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሌላ ቦታ ቢሮ የሚሠራ አበሻ ይህን ሳይሰማ አንድ ሳምንት አያልፈውም። አለቃችሁ «ካን ዩ ጊቭ ሚ ኤ ቦልፓርክ ፊገር?» ብሎ ጠየቀ። ቦልፓርክ የቤዝቦል ሜዳ ነው። ሰውየው የሚፈልገው እዚያው ቆማችሁ የምትሰጡትን ግምት ነው። «ከ20 እስከ 25 ሺህ» ካላችሁት ይበቃዋል። ኤክሴል ከፍታችሁ እስከ ሳንቲሙ አስልታችሁ በማግሥቱ ብትሄዱ ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ እሱ ስብሰባውን ጨርሷል። «ሌትስ ተች ቤዝ ቱሞሮው» ካለ ደግሞ ነገ አጠር ያለ ንግግር እናድርግ ማለቱ ነው። ለንደን ላይ በቤዝቦሉ ቦታ ክሪኬት አለ። «ስቲኪ ዊኬት» ላይ ነኝ የሚል ሰው ጉዳዩ አጣብቂኝ ሆኖበታል። ሜዳው ረጥቦ እየደረቀ ሲሄድ ኳሷ ወዴት እንደምትነጥር ስለማትታወቅ ነው።

ስለ ምንጭ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ያሳስበኛል። በኢንተርኔት የሚዞሩት ጣፋጭ ታሪኮች ብዙዎቹ ሐሰት ናቸው። «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የሚለውን ስንቶቻችን ትምህርት ቤት ተማርነው። ድሮ ድመትና ውሻ በሣር ክዳን ላይ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ አንሸራቷቸው ይወድቁ ነበር የሚል ታሪክ አለ። ይህ በ1999 በኢሜይል ከተሰራጨ የፈጠራ ጽሑፍ የወጣ ነው። የሚታወቀው እውነት አጭር ነው። ሄንሪ ቮን የተባለ ባለቅኔ በ1651 ውሻና ድመት ሆኖ ስለሚዘንብ ዶፍ ጽፏል፤ ጆናታን ስዊፍትም በ1738 አሁን በምናውቀው መልኩ አስፍሮታል። ለምን ድመትና ውሻ እንደሆነ ማስረጃ የለም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅማችሁ ሌላ እውነት ነው። ዛሬ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ይህን እምብዛም አይሉም። ዶፍ ሲወርድ «ኢትስ ፖሪንግ» ይላሉ።

«ባይት ዘ ቡሌት»ም ተመሳሳይ ነው። ማደንዘዣ ሳይኖር የቆሰለ ወታደር በቀዶ ጥገና ጊዜ ጥይት ይነክስ ነበር ይባላል። በጽሑፍ የምናገኘው ግን ሌላ ነው። ያው ግሮዝ በ1796ቱ እትሙ፣ የሚገረፉ ወታደሮች ላለመጮኽ ጥይት ያኝኩ እንደነበር ይነግረናል። መጮኽ በጓዶቻቸው ፊት ውርደት ነበር። የእኛን «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» አጠገቡ አስቀምጡት፤ ጥይቷ ብቻ ናት የጎደለችው። አጠቃቀሙም ቅርብ ነው። እንግሊዝኛው ግን ከመቻል ይልቅ ወደ መወሰን ያዘነብላል። ስትሸሹት የኖራችሁትን ነገር፣ ለምሳሌ ጥርስ ማስነቀልን፣ እንግዲህ ይሁን ብላችሁ ስትገቡበት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳን ግን የማናውቀው ፈሊጥ አይመስለኝም። የምናውቀው የሚመስለን ነው። አንዳንዱ በእርግጥም አንድ ነው። «የአዞ እንባ» ያው «ክሮኮዳይል ቲርስ» ነው፤ «ከእጅ ወደ አፍ» ያው «ሃንድ ቱ ማውዝ» ነው። ይህ ሲያጋጥመን ልባችን ይሞላል። ከዚያ «ነጭ ውሸት» ይመጣል።

በአማርኛ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣ፣ ድርቅ ያለ ውሸት ነው። በእንግሊዝኛ «ዋይት ላይ» ለሰው ስሜት ሲባል የሚዋሽ ትንሽ ነገር ነው። ጋባዣችሁ ጨው አብዝታ የሠራችውን ወጥ «በጣም ይጣፍጣል» ማለት ዋይት ላይ ነው። አሁን አንድ ሰው ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ፣ ወይም ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ለዳኛ ሲያስረዳ፣ ተናዶ «ሂ ቶልድ ኤ ዋይት ላይ» ቢልስ? ሊከስሰው የመጣውን ሰው ራሱ ይቅር አለው ማለት ነው። መባል የነበረበት «ቤርፌስድ ላይ» ነው። ተርጓሚ ሆናችሁ የምታገለግሉ ሰዎች ይህችን አደራ። «ዓይነ ደረቅ»ም እንዲሁ ናት። እኛ ዘንድ ይሉኝታ የሌለው ሰው ነው። «ድራይ አይድ» ግን ያላለቀሰ ሰው ነው፤ ስድብም አይደለም።

ከነዚህ መካከል ደግሞ በግማሽ የሚገናኙ አሉ። «ፓይ ኢን ዘ ስካይ»ን «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል። ሁለቱም የማይጨበጥ ተስፋ ናቸው። እንግሊዝኛው ግን በ1911 ለሠራተኞች መብት የታገለው ጆ ሂል ከጻፈው መዝሙር የወጣ ነው። የተራበን ሠራተኛ «ስትሞት በሰማይ ትበላለህ» የሚሉትን ሰባኪዎች ሊነቅፍበት ነው የጻፈው። ስለዚህ ባዶ ተስፋ የሚሰጥ ሌላ ሰው አለበት። የእኛ ላም ግን ባለተስፋው ራሱ ያለማት ናት።

ታዲያ ስንት ፈሊጥ ይበቃል? ለመረዳት የቻላችሁትን ያህል ያዙ። ለመናገር ጥቂት ይበቃል። ሮዛመንድ ሙን የተባለች ተመራማሪ በትልቅ የጽሑፍ ክምችት ላይ ቆጥራ፣ አብዛኞቹ ፈሊጦች ከአንድ ሚሊዮን ቃል ውስጥ አንዴ እንኳ እንደማይገኙ አሳይታለች። በየንግግሩ መሐል የሚደረድር ሰው እንግዳ የሚመስለው ለዚህ ነው። ለአይኤልትስ፣ ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ የምትዘጋጁም ይህን ያዙልኝ። በንግግር ፈተናው 7 ለማግኘት ከሚጠበቀው አንዱ ፈሊጣዊ አነጋገርን በመጠኑ መጠቀም ነው። ብዙ ተፈታኝ ይህን ሰምቶ ድመትና ውሻውን፣ ባቄላውን፣ ባልዲውን በአንድ መልስ ውስጥ ያጭቃል። ፈታኙ ግን ቃሉ ቦታው ላይ ገብቶ እንደሆነ ነው የሚያየው። «አይ ወዝ ኤ ቢት አንደር ዘ ዌዘር ዛት ዊክ» ብሎ በወሬ መሐል የሚያልፍ ሰው፣ በቃሉ አምስት ከሚወርድ ሰው ይሻላል።

ሳይገባችሁ ሲቀር መጠየቅ አትፈሩ። ራሳቸው ባለቤቶቹም ይምታታባቸዋል። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትዝታው ላይ ይህን ጽፏል። የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ሰነድ ይዘው አሜሪካውያኑን «ቴብል እናድርገው» አሏቸው። ለእንግሊዝ ሰው ይህ አሁኑኑ ጠረጴዛ ላይ አውጥተን እንወያይበት ማለት ነው። ለአሜሪካዊ መሳቢያ ውስጥ ከተን እንርሳው ነው። ረጅም ክርክር ተነሳ፤ ነገሩ እስከመምረር ደረሰ። በኋላ ነው ሁለቱም አንድ ነገር እንደሚፈልጉ የገባቸው። ስትጠይቁ «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ማለት ድምፁ ጠንከር ካለ ጠብ ሊመስል ይችላል። «ሶሪ፣ አይ ሃቭንት ኸርድ ዛት ዋን ቢፎር» ብትሉ ግን ሰው ደስ ብሎት ያስረዳችኋል፤ ብዙ ጊዜም ምሳሌ ጨምሮ።